የጥርስ መልክና የኑሮ ጥራት፦ «ለውበት ነው» የሚባለው ጉዳት እንዴት ይለካል?

የጥርስ ችግር ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሕመሙን ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣውን ጥዝጣዜ፣ የጉንጩን እብጠት፣ ምግብ ማላመጥ አለመቻሉን። ጥርሱ የማያምመው፣ ነገር ግን የበለዘ፣ የተሸረፈ፣ የወለቀ ወይም ከመስመር የወጣ ጥርስ ያለው ሰው ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባው እምብዛም አይታሰብም። ልሂድ ቢል እንኳ «ካላመመህ ምን አስቸኮለህ?» የሚል ምላሽ ከቤተሰቡም ከጎረቤቱም ሊገጥመው ይችላል። በዚህም ምክንያት ችግሩ ሳይነገር፣ ሳይመዘገብና ሳይታከም ለዓመታት ይቆያል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1940 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው መተዳደሪያው ጤናን የተረጎመው የበሽታ አለመኖር ብቻ እንዳልሆነ፣ የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደኅንነት እንደሆነ በመግለጽ ነው። በዚህ ትርጉም መሠረት በጥርሱ መልክ ምክንያት በሰው ፊት መናገር የተወ ወጣት፣ ጥርሱ ባያምመውም ጤናው ሙሉ ነው ማለት ያስቸግራል። ይሁንና «ይጎዳል» ማለት ብቻ በቂ አይደለም። ምን ያህል፣ ማንንና በምን መንገድ እንደሚጎዳ መለካት ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ መለኪያው እንዴት እንደሚሠራና ለአገልግሎት ፈላጊው ምን እንደሚጠቅም፣ የሰሜን ሸዋዋን የሞላሌ ከተማና የመንዝን ደጋ ነዋሪ በምሳሌነት እየጠቀሰ ያብራራል።

ጥያቄው የገንዘብም ጥያቄ ነው

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ አባል የሆነ ቤተሰብ በመንግሥት የጤና ተቋማት የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምና እንዲያገኝ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። በሽፋኑ ውስጥ ካልተካተቱት አገልግሎቶች መካከል ደግሞ በዋናነት ለመልክ ማሳመሪያ ተብለው የተለዩት ይገኙበታል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስም የተመደበው ከእነዚሁ ጋር ነው።

አከፋፈሉ የራሱ ምክንያት አለው። የመድህን ቋት ከአነስተኛ መዋጮ የሚሰበሰብ በመሆኑ ለወላድ እናት፣ ለወባ ሕመምተኛና ለሳንባ ምች ለታመመ ሕፃን ቅድሚያ መስጠት ይገባዋል። የሚያከራክረው ግን «ለመልክ» እና «ለጤና» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ድንበር ነው።

ለምሳሌ ያህል የላይኛው የፊት ጥርሶቹ የወለቁበት አንድ መሪጌታ በሞላሌ አለ እንበል። «ፈ»ን ለመጥራት የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ከንፈር ጋር መገናኘት አለበት፤ «ሰ»ም ያለ ፊት ጥርስ ጥራቱን ያጣል። ድምፁ ያልተበላሸ፣ ትምህርቱ ያልተጓደለ መሪጌታ ቃሉ እየተበላሸበት ዜማውን ለሌላ ሊተው ይችላል። የገብስ ቆሎው ከእጁ ይቀራል፤ ሥጋውም በጥርሱ ተነክሶ የማይበጠስ ይሆንበታል። ለሽምግልና ሲጠራም ከፊት ተቀምጦ መናገሩን ትቶ ከኋላ ይሆናል። ለዚህ ሰው የሚተከለው ጥርስ ማሳመሪያ ነው ወይስ የሥራ፣ የንግግርና የማኅበራዊ ኑሮ መመለሻ? ጥያቄውን በስሜት መመለስ አይቻልም፤ በመለኪያ ግን ይቻላል።

መለኪያዎቹ ምን ይጠይቃሉ?

የጥርስ ሐኪም አፍን ከፍቶ የሚያየውና ባለጥርሱ የሚኖረው ኑሮ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪሙ ስንት ጥርስ እንደተቦረቦረ፣ ስንቱ እንደወለቀ፣ የመበለዙም ደረጃ ስንት እንደሆነ ይቆጥራል። ለጥርስ መበለዝ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የቲልስትሩፕና የፌየርስኮቭ መመዘኛ፣ ለምሳሌ፣ ከ0 እስከ 9 ደረጃ ይሰጣል። ይህ ቁጥር የጥርሱን ሁኔታ ይነግረናል፤ ሰውየው በጥርሱ ምክንያት ከምን እንደቀረ ግን አይነግረንም።

አበው ሰው ልቡ እያዘነም ሊስቅ እንደሚችል ሲያመለክቱ «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ። ከውጭ የሚታየው የውስጡን አይመሰክርም ማለት ነው። የኑሮ ጥራት መለኪያዎች የተነሡትም ከዚሁ ግንዛቤ ነው፤ የውስጡን ለማወቅ ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች መካከል ሦስቱ የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው የአፍ ጤና ጫና መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በ49 ጥያቄዎች ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ 14 ጥያቄዎች አጥሯል። ተጠያቂው ቃላትን ለመጥራት እንደተቸገረ፣ ሕመም እንደነበረው፣ በጥርሱ እንደተጨነቀ፣ እንዳፈረ፣ ሥራውን ለማከናወን እንደተቸገረ ይጠየቃል። እያንዳንዱ መልስ «በጭራሽ» ከሆነ 0፣ «በጣም ብዙ ጊዜ» ከሆነ 4 ይያዛል። ጠቅላላ ድምሩ ከ0 እስከ 56 ሲሆን፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጫናው ከባድ ነው።

ሁለተኛው ጥርስና አፍ በዕለት ተግባር ላይ የሚያሳድሩትን ጫና ይመዝናል። መብላት፣ በግልጽ መናገር፣ አፍን ማጽዳት፣ መተኛትና ማረፍ፣ ሳያፍሩ መሳቅና ጥርስን ማሳየት፣ ስሜትን መቆጣጠር፣ ሥራን ማከናወን፣ ከሰው ጋር መገናኘት በሚሉ ስምንት ተግባራት ላይ ያተኩራል። ችግሩ ስንት ጊዜ እንደደረሰና ምን ያህል እንደከበደ ተጠይቆ ሁለቱ ይባዛሉ። ይህ መለኪያ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በታንዛኒያና በዩጋንዳ ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ አገልግሏል። «ሳያፍሩ መሳቅ» ከመብላትና ከመተኛት ጋር እኩል እንደ ዕለት ተግባር መቆጠሩ ልብ ሊባል ይገባል።

ሦስተኛው በቀጥታ የጥርስ መልክን የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጀርመን ተመራማሪዎች ለወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን 23 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ዐረፍተ ነገሮቹ በአራት ይከፈላሉ፦ በጥርስ መተማመን፣ ማኅበራዊ ጫና፣ ሥነ ልቦናዊ ጫና እና በመስታወት ወይም በፎቶግራፍ ራስን ሲያዩ የሚሰማ ቅሬታ ናቸው።

እነዚህ መለኪያዎች አንድ ጠቃሚ ነገር ያስገነዝባሉ። በሐኪም ዓይን ቀላል የሚባል ጉድለት ያለበት ሰው ከፍተኛ ጫና ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ከባድ ጉድለት ያለበት ደግሞ ምንም ላይመስለው ይችላል። ስለዚህ የሁለቱ ቁጥሮች አለመገጣጠም የመለኪያው ስሕተት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ አገልግሎት ሲታቀድ ሁለቱም ጎን ለጎን መታየት እንዳለባቸው ያመለክታል።

የበለዘ ጥርስ፦ በሀገራችን ጎልቶ የሚታየው ማስረጃ

በኢትዮጵያ የጥርስ መልክ የኅብረተሰብ ጤና ጉዳይ መሆኑ በግልጽ የታየው በስምጥ ሸለቆ ነው። በዚያ አካባቢ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ጋር የሚገናኘው የከርሰ ምድር ውኃ ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ በላይ የሆነ ውኃ ጥርሳቸው በመሠራት ላይ ባሉ ሕፃናት ላይ የማይመለስ የጥርስ መበለዝ ያስከትላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከልደታቸው ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩትና ከተመረመሩት ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በልዞ ተገኝቷል። በወንጂ የስኳር እርሻ ደግሞ ውኃውን ለረጅም ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ጭምር ተጎድቷል።

የጥርስ መበለዝ በአብዛኛው አያምም፤ ጉዳቱ በዋነኛነት የሚገለጸው በመልክ ነው። ነገር ግን መለኪያው እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በአንድ መንደር የሁሉም ልጅ ጥርስ በልዞ ሲገኝ ማንም ከማንም ስለማይለይ መሳቀቁ ሊያንስ ይችላል። ያው ልጅ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ግን ጥርሱ ሳይለወጥ ጫናው በአንድ ጊዜ ሊጨምር ይችላል። በመሆኑም መለኪያው የሚመዝነው ጥርሱን ብቻ አይደለም፤ ሰውየው የቆመበትን ማኅበረሰብም ጭምር ነው።

በደጋው ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል

የመንዝን ደጋ ከስምጥ ሸለቆው ጋር ማምታታት አይገባም። በአጠቃላይ የደጋው ውኃ የፍሎራይድ መጠን ዝቅተኛ ነው። ስለሆነም በሞላሌ ወይም በመሐል ሜዳ የአንድ ልጅ ጥርስ ቀለሙን ቢለውጥ «ከውኃው ነው» ብሎ ከመደምደም በፊት ሌሎች ምክንያቶችን መመርመር ተገቢ ነው።

አንደኛው ከላይ የሚለጠፍ ቀለም ነው፤ ቡና፣ ሻይ፣ ትንባሆና ጫት የሚያመጡት ሲሆን በባለሙያ ሲጸዳ ይለቃል። ሁለተኛው የጥርስ መቦርቦር መጀመሪያ ነው፤ በነጭ ወይም በቡናማ ነጥብ ይጀምራል፤ ቶሎ ከታየም ሳይነቀል ይታከማል። ሦስተኛው ቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ነው፤ በእርግዝና ወቅት ወይም ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሲሰጥ በጥርሱ ውስጥ ቢጫ ወይም ግራጫ ቀለም ሊተው ይችላል። አራተኛው በአንዳንድ አካባቢዎች «ግግ» እየተባለ የሕፃኑን ድድ በስለት ከፍቶ ገና ያልወጣውን ጥርስ ማውጣት ነው። ይህ ጎጂ ልማድ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቁስል ማመርቀዝ ከማጋለጡም በላይ፣ ከሥር የሚሠራውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል። ልጁ የሚከፍለው ዋጋ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ቋሚው ጥርስ ተበላሽቶ ሲወጣ ወይም ከነአካቴው ሳይወጣ ሲቀር ነው።

መለኪያው የእኛን ቋንቋና ሥርዓት ማወቅ አለበት

በሌላ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ብቻ ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «ሲስቁ አፍዎን ይሸፍናሉን?» የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር የመሳቀቅ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። በመንዝ ግን አንዲት እናት በታላቅ ሰው ፊት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ብትስቅ ሥርዓት አወቀች ትባላለች እንጂ በጥርሷ አፈረች አትባልም። መጠይቁ ይህን ካለየ ጨዋነትን እንደ ጉዳት ይቆጥራል። ጥያቄው መሆን ያለበት «ከእኩዮችዎ ጋር ሲሆኑስ?» ወይም «በፊት እንዲህ ያደርጉ ነበርን?» የሚል ነው።

የውበት መመዘኛም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሌላ አገር በሽቦ እንዲገጥም የሚደረገው ፍንጭት ጥርስ በእኛ ዘንድ የሚደነቅ ነው። ጥርሱ ነጥቶ እንዲታይ ድድን መነቀስም በአማራና በትግራይ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ በራሱ ጥርስ ለሰው መልክ ምን ያህል ክብደት እንደተሰጠው ያሳያል። ይሁንና በጋራ መርፌ የሚደረግ ንቅሳት የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ስለሚችል መወገድ አለበት።

በተቃራኒው በቋንቋችን ውስጥ ራሱ የጉዳቱ ማስረጃ አለ። «ገጣጣ»፣ «ወላቃ» የሚሉት ቃላት የጥርስን ሁኔታ የሚገልጹ ቢሆኑም በትምህርት ቤት ቅጽል ስም ሲሆኑ ስድብ ናቸው። ስለዚህ ለሕፃናትና ለወጣቶች የሚዘጋጅ የአማርኛ መጠይቅ «በጥርስህ ምክንያት ቅጽል ስም ወጥቶልሃልን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በትርጉም የመጣ ጥያቄ የማይደርስበትን እውነት ሊያገኝ ይችላል። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችም ጥያቄው በቃል መቅረብና መልሱም በቀላል ደረጃ መገለጽ ይኖርበታል።

መለካት የራሱ አደጋም እንዳለው መዘንጋት የለበትም። የጥርስ መልክ የኑሮ ጉዳይ ነው ማለት ሁሉም ጥርስ እንደ ወተት ይንጣ ማለት አይደለም። ጤናማ ጥርስ በተፈጥሮው ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለም ሊኖረው ይችላል። የመለኪያው ዓላማ ያልተጎዳውን ሰው ማሳፈር አይደለም፤ ተጎድቶ ዝም ያለውን ለይቶ በውስን ሀብት ቅድሚያ እንዲያገኝ ማስቻል ነው።

ዓለም አቀፍ አቅጣጫው

የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ አባል አገራት የአፍ ጤናን በሁለንተናዊ የጤና ሽፋን ውስጥ እንዲያካትቱና ትኩረታቸውን ከመንቀልና ከመሙላት ወደ መከላከል እንዲያሸጋግሩ ጠይቋል። ድርጅቱ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ሪፖርት መሠረት በዓለም 3.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የአፍ ጤና ችግር አለባቸው። በእንዲህ ያለ ስፋት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማከም ስለማይቻል፣ ማን ይቅደም የሚለውን ለመወሰን የኑሮ ጥራት መለኪያ አስፈላጊነቱ የጎላ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የመድህን ድንበር ወደፊት ሲታይም «ሰው ሠራሽ ጥርስ» የሚለውን ስም ብቻ ከመመልከት ይልቅ፣ መብላትን፣ መናገርንና ሥራን የሚመልሰውን ለይቶ የሚያሳይ የተለካ ማስረጃ ውይይቱን ወደ ፍትሐዊ ውሳኔ ሊያደርሰው ይችላል።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይችላሉ?

የማይነገር ጉዳት አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበም በዕቅድ ውስጥ አይገባም። በመሆኑም ለምርመራ የሚቀርብ ተገልጋይ «አያመኝም፣ መልኩ ነው» ብሎ ከማቃለል ይልቅ በጥርሱ ምክንያት የተወውን ነገር ቢናገር ይመረጣል፦ ምን መብላት እንደተወ፣ የትኛውን ቃል መጥራት እንደተቸገረ፣ በክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት፣ ሸንጎ ላይ መናገር ወይም ፎቶግራፍ መነሣት ከመቼ ጀምሮ እንዳቆመ፣ በሳምንት ወይም በወር ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥመው። ይህ መረጃ ለባለሙያው ከብዙ ማብራሪያ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ወላጆችና መምህራን ልጁ የማይስቅበትንና የማይናገርበትን ምክንያት በእርጋታ ይጠይቁ፤ በጥርስ ላይ የሚወጣ ቅጽል ስም እንደ ጨዋታ አይታለፍ።

በሞላሌና በአካባቢው የሚኖሩ ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ቢሄዱ የሪፈር ሥርዓቱን ተከትለው፣ አስፈላጊ ሲሆን በጣርማ በር በኩል እስከ ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድረስ መላክ ይችላሉ። የጤና መድህን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን መያዝ፣ የሚፈልጉት አገልግሎት በሽፋኑ ውስጥ መኖር አለመኖሩንም ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት ከወረዳቸው የጤና መድህን ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። እንዲህ ማድረጉ የትራንስፖርት ወጪንና እንግልትን ይቀንሳል።

ጥርስን ለማንጣት በከሰል፣ በሎሚ ወይም በሻካራ ጨው መፈግፈግ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ይሸረሽራል፤ አንዴ ከተሸረሸረም አይመለስም። በረኪና አፍን የሚያቃጥል መርዝ በመሆኑ ፈጽሞ ወደ አፍ መግባት የለበትም። መፋቂያ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ጥሩ የማጽጃ መሣሪያ ነው። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናም በቀን ሁለት ጊዜ ቢጠቀሙበት መቦርቦርን ይከላከላል። መጠኑ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ ያህል ይሁን፤ ልጁም እንዳይውጠው ይጠበቅ።

ከደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ለሥራ የሚዛወሩ ቤተሰቦች ሕፃናት ካሏቸው ስለሚጠጡት ውኃ የፍሎራይድ መጠን በቅድሚያ ይጠይቁ። ውኃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይቀንስም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበረክታል። በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ወይም ፍሎራይድ ለመቀነስ በተዘጋጀ ማጣሪያ ያለፈ ውኃ የተሻለ አማራጭ ነው። የፊት ጥርሶች በአብዛኛው የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የዕድሜ ዓመታት በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ ለዕድሜ ልክ ይጠቅማል።